የደጋ ተክል ሁሉ ብርድ ይችላልን? እንሰትና የጃፓን ሙዝ በእንግሊዝ የአትክልት ስፍራ

እንሰት በኢትዮጵያ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ይለማል። ከዚህ በመነሣት የአውሮፓን የብርድ ወራት ይቋቋማል ብሎ መደምደም ይቀናል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ ለጌጥ የሚተክሉት አትክልተኞች ብርዱ ሳይገባ ነቅለው ውርጭ በማይደርስበት ቤት ያቆዩታል። ዘመዱ የጃፓን ሙዝ (ሙሳ ባስጁ) ግን ሥሩ በገለባ ተሸፍኖ ከደጅ ይቆያል። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት ይመረምራል።

አንደኛው ምክንያት የብርዱ ጠባይ ነው። በደጋ ውርጭ ሌሊት ወርዶ ረፋድ ላይ ይረግፋል፤ የአፈሩ ሙቀትም ብዙ አይዋዥቅም። በእንግሊዝ ግን አፈሩ ለወራት ቀዝቃዛና ርጥብ ይሆናል።

ሁለተኛው የአበቃቀል ሥርዓት ነው። የሁለቱም ተክሎች ሐሰተኛ ግንድ የቅጠል እግሮች ጥቅል ሲሆን እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ይገኛል። የጃፓን ሙዝ ላዩ በውርጭ ቢሞት ከጎን ቀንበጦቹ እንደገና ይበቅላል። እንሰት ግን በተፈጥሮው ቀንበጥ አያወጣም፤ ሕይወቱ በአንድ የእድገት ጫፍ ላይ የተመሠረተ ነው። እርግጥ ገበሬው ችግኝ ሲያፈላ ይህንኑ ጫፍ ሆን ብሎ በማጥፋት አሚቾው እንዲያጎነቁል ያደርጋል፤ ያ የሚሳካው ግን ጤናማ አሚቾ በሞቃት አፈር ሲቀበር ነው። ውርጭ የጎዳው አሚቾ በቀዝቃዛ ርጥበት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሳያጎነቁል ይበሰብሳል።

ስለዚህ የአንድን ተክል ብርድ ቻይነት ለመመዘን የትውልድ ቦታው ከፍታ ብቻውን አይበቃም። ወሳኙ ጥያቄ ከመሬት በታች ያለው አካል ከብርዱ ተርፎ ዳግም መብቀል መቻሉ ነው።