በሰማያዊው መስመር ውስጥ፦ የአዲሮንዳክ ፓርክ የጥበቃ ሥርዓትና የነዋሪዎቹ ድርሻ

መግቢያ

በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ምሥራቅ የሚገኘው የአዲሮንዳክ ተራራማ አካባቢ ከ3,000 በላይ ሐይቆችንና ኩሬዎችን የያዘ ነው። ከተራሮቹ ሁሉ ከፍተኛው ማርሲ 1,629 ሜትር ይደርሳል። በዚሁ ተራራ ትከሻ ላይ ያለች አነስተኛ ሐይቅ ኒውዮርክ ከተማን አልፎ ወደ ውቅያኖስ የሚፈስሰው የሃድሰን ወንዝ የመጨረሻ ከፍተኛ ምንጭ ናት። አካባቢውን የሚያካልለው ፓርክ 2.4 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ስፋት ስላለው ከጂቡቲ የቆዳ ስፋት ጋር ይቀራረባል።

ፓርኩን ከብዙዎቹ ጥብቅ ስፍራዎች የሚለየው ግን ስፋቱ አይደለም። ከመሬቱ ግማሽ ያህሉ የግል ይዞታ ሲሆን፣ በክልሉ ውስጥ ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይኖራሉ። ከተሞች፣ ትምህርት ቤቶች፣ እርሻዎችና የእንጨት ኩባንያዎች በፓርኩ ወሰን ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አዲሮንዳክ ለጥበቃ ጥናት ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። እንዲህ ያለውን ስፍራ ከመቶ ዓመት በላይ ያጸናው ምንድን ነው? የጥበቃውንስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ጥያቄዎች የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውሃ ሥጋት የተወለደ ሕግ

በ19ኛው መቶ ዘመን የአዲሮንዳክ ደን ለጣውላ፣ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን ቅርፊት ለማግኘትና ለብረት ማቅለጫ ከሰል ለማክሰል በስፋት ተመነጠረ። በዚያው ዘመን የግዛቲቱ ንግድ በውሃ መጓጓዣ ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1825 የተከፈተው የኢሪ ቦይ የሃድሰንን ወንዝ ከታላላቆቹ ሐይቆች ጋር ያገናኝ ስለነበር፣ የወንዞች ውሃ መቀነስ የኢኮኖሚ አደጋ ሆኖ ታየ። ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽ በ1864 ባሳተሙት መጽሐፍ የደን መጥፋት ምንጮችንና አፈርን እንደሚያጠፋ ካስረዱ በኋላ ሐሳቡ በተማረው ክፍል ዘንድ ተሰራጨ። ቀያሹ ቨርፕላንክ ኮልቪንም በ1870 ከአካባቢው ተራሮች አንዱን ወጥተው ባቀረቡት ዘገባ፣ ምንጠራው ከቀጠለ ቦዩ የሚመገብባቸው ወንዞች እንደሚጎዱ አስጠነቀቁ።

በ1885 የወጣው ሕግ በመንግሥት እጅ ያሉትን የደን መሬቶች ዱር እንደሆኑ ለዘለቄታው እንዲጠበቁ ደነገገ። ይሁን እንጂ ተራ ሕግ ነበርና ተራ ሕግ ሊሽረው ይችል ነበር። ፓርኩ በ1892 ከተመሠረተ በኋላ እንኳ፣ በ1893 የወጣ ሌላ ሕግ ከመንግሥት ደን እንጨት መሸጥን ፈቀደ። በዚህ ምክንያት የ1894ቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ጉዳዩን ከሕግ አውጪዎች ፈቃድ በላይ ለማድረግ ወሰነ። ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ የጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 1895 ጀምሮ የጸናው ድንጋጌ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይና እንዳይለወጥ፣ ዛፉም እንዳይሸጥ፣ እንዳይነሣና እንዳይጠፋ ከለከለ።

ቁልፉን ለመራጩ የሰጠ ድንጋጌ

የድንጋጌው ጥንካሬ በቃላቱ ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ በሚሻሻልበት መንገድም ላይ ያርፋል። በኒውዮርክ ሕግ አውጪው ምክር ቤት የሚያመነጨው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሁለት ተከታታይ የምርጫ ዘመናት በተቀመጡ ምክር ቤቶች ከጸደቀ በኋላ፣ ለግዛቲቱ መራጮች ቀርቦ የአብላጫውን ድምፅ ማግኘት ይኖርበታል። ሦስት አጋጣሚዎች የዚህን ሥርዓት አሠራር ግልጽ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው በ1930 የተሰጠው ፍርድ ነው። ሌክ ፕላሲድ ከተማ የ1932ቱን የክረምት ኦሊምፒክ ለማስተናገድ ስትዘጋጅ፣ ለበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር በመንግሥት ደን ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጉ ዛፎችን የሚያስቆርጥ መም ታቀደ። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዓላማው መልካም ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ እንደማይፈቅደው በየነ። መሙም በሌላ ቦታ ተሠራ። ሁለተኛው ተቃራኒ መልክ አለው። ፓርኩን አቋርጦ ወደ ካናዳ ለሚዘልቀው አውራ ጎዳና የመንግሥት ደን መሬት ባስፈለገ ጊዜ፣ በ1959 ጉዳዩ ለሕዝብ ቀርቦ መራጩ ፈቀደ። ሦስተኛው በ2021 የተወሰነ ነው። መንግሥት ለበረዶ ላይ ሞተር ብስክሌቶች 43 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመጥረግ ያወጣው ዕቅድ ወደ 25,000 የሚጠጉ ዛፎችን ስለሚያስቆርጥ፣ ያው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ።

ከእነዚህ አጋጣሚዎች እንደሚታየው ድንጋጌው ማንኛውንም ለውጥ ለዘላለም የዘጋ አይደለም። የዘጋው ለውጥን በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ብቻ የማስፈጸምን መንገድ ነው። ደኑን የሚነካ ሁሉ በአደባባይ ምክንያቱን ማስረዳትና ይሁንታ ማግኘት አለበት።

መስመሩ ያቀፈው ሕዝብ

በ1892 የፓርኩ ወሰን በካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተሠምሮ ስለነበር እስከ ዛሬ ሰማያዊው መስመር ተብሎ ይጠራል። መስመሩ ሲሠመር በውስጡ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሞሃውክና አቤናኪ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በአካባቢው ያድኑና ይዘዋወሩ ነበር። በኋላ የሰፈሩት ገበሬዎችና የእንጨት ሠራተኞችም ማገዶአቸውንና ሥጋቸውን ከደኑ ያገኙ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ካርል ጃኮቢ በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የጥበቃ ሕጎቹ ለነዋሪው የኑሮ ልማድ የነበረውን ማገዶ መቁረጥና ማደን ወደ ወንጀልነት ለወጡት። በመንግሥት መሬት ላይ ያለ ሰነድ የኖሩ ቤተሰቦችም ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ተብለው ተቆጠሩ።

በዚያው ዘመን ግን ዋጋውን ለማካፈል የታሰበ አንድ እርምጃ ተወስዷል። ከ1886 ጀምሮ የኒውዮርክ መንግሥት ለሚጠብቀው የደን መሬት እንደ ማንኛውም ባለይዞታ ለአካባቢው አስተዳደሮች ግብር እንዲከፍል ተደረገ። መሬቱ ከጣውላና ከእርሻ ጥቅም ውጭ ቢሆንም፣ በዚህ ግብር የአካባቢው ትምህርት ቤቶችና መንገዶች ድርሻቸውን ያገኛሉ።

ትልቁ ውዝግብ የመጣው የግል ይዞታዎች በሕግ በተዳሰሱ ጊዜ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አውራ ጎዳናው ሲከፈት በሐይቆቹ ዳርቻ የመዝናኛ ቤቶች ግንባታ እንደሚስፋፋ ተሠጋ። በ1967 ከአካባቢው ከፊሉን ብሔራዊ ፓርክ ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ ተቃውሞ ገጥሞት ሲቀር፣ ግዛቲቱ በ1968 አጥኚ ኮሚሽን አቋቋመች። በኮሚሽኑ ምክር በ1971 የአዲሮንዳክ ፓርክ ኤጀንሲ ተመሠረተ። በ1973 የጸናው የግል መሬት አጠቃቀም ዕቅድ ይዞታዎችን በምድብ ከፈለ። በመንደሮች ውስጥ ግንባታን በቁጥር አልገደበም፤ እጅግ ጥብቅ በሆነው የሀብት አስተዳደር ምድብ ግን በአማካይ ለአንድ ዋና ሕንጻ 17 ሄክታር ያህል መሬት እንዲኖር ወሰነ።

ደጋፊዎቹ ዕቅዱ የሐይቆቹን ዳርቻ ከተጨናነቀ ግንባታና ከፍሳሽ እንደሚያድን ያስረዳሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ነዋሪው የመሬቱን ዋጋና የሥራ ዕድሉን እንዳጣ ይናገራሉ። ክርክሩ ከሕንጻ ቁጥር ያልፋል። ከኒውዮርክ መራጮች እጅግ የሚበዙት ከሰማያዊው መስመር ውጭ ይኖራሉ። ስለዚህ ደኑን በጽኑ ያስጠበቀው የሕዝብ ድምፅ፣ ከነዋሪው ወገን ሲታይ በሩቅ ያለ አብላጫ በደጃፉ ላይ የሚወስንበት ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ ጥንካሬና የነዋሪው ቅሬታ ምንጫቸው አንድ ነው።

ወሰን የማያስቆመው ጉዳት

ሕገ መንግሥቱም ሆነ የመሬት ዕቅዱ ሊመክቱት ያልቻሉት አደጋ ከአየር መጣ። ከምዕራብ በኩል ካሉ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች የሚወጣው የድኝ ጋዝ በነፋስ ተገፍቶ በተራሮቹ ላይ የአሲድ ዝናብ ሆኖ ይወርድ ነበር። የአዲሮንዳክ አፈር ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥንታዊ አለትም አሲድን የሚያረክስ የኖራ ይዘት በብዙ ቦታ የለውም። አሲዱ ከአፈሩ የሚያወጣው አሉሚኒየም ወደ ሐይቅ ሲገባ የዓሦችን መተንፈሻ አካል ይጎዳል። ከ1984 እስከ 1987 በ1,469 ሐይቆች ላይ በተደረገው ቅኝት ከሩብ በማይርቁት ውስጥ ዓሣ አልተገኘም። የሁሉም ምክንያት አሲድ ብቻ ባይሆንም፣ አሲድ ከዋነኞቹ አንዱ መሆኑ ታውቋል።

መፍትሔው ከፓርኩ ወሰን ውጭ መፈለግ ነበረበት። በ1990 የተሻሻለው የፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ የማመንጫዎቹን የድኝ ልቀት ስለቀነሰ የብዙ ሐይቆች አሲዳማነት ቀንሷል። ሆኖም አሲዱ ከአፈር ያጠበው ካልሲየም በቶሎ የሚተካ ስላልሆነ ማገገሙ አዝጋሚ ነው።

ማጠቃለያ

አዲሮንዳክን የጠበቀው አንድ መስመር ሳይሆን በተለያየ እርከን ያሉ ሦስት ሕጎች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትን ደን፣ የመሬት ዕቅዱ የግል ይዞታን፣ የአየር ሕጉ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣውን ብክለት ይመለከታል። አንዱ ቢጎድል ሐይቆቹ በሌላው ብቻ አይድኑም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ሩቅ አይደለም። በ1969 የተመሠረተውና በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ከዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ እንዲወጡ ተደርጓል። የሁለቱ አገሮች የመሬት ሥሪት፣ የሀብት መጠንና የነዋሪው ኑሮ እጅግ ስለሚለያይ የአንዱን ሥርዓት ወደ ሌላው መቅዳት አይቻልም። ሊነጻጸር የሚችለው ጥያቄው ነው፦ ጥበቃው የሚያስከትለው ወጪ በማን ላይ ያርፋል፣ በምንስ ይካሳል? ኒውዮርክ ለደን መሬቷ የምትከፍለው ግብር ከፊል መልስ ነው። በውሳኔው ላይ ነዋሪው ሊኖረው ስለሚገባው ድምፅ ግን አዲሮንዳክም ገና የተሟላ መልስ አልሰጠም። ጥብቅ ስፍራዎችን የሚመለከቱ ጥናቶች የዱር እንስሳቱንና የደኑን ሁኔታ በሚመዝኑበት ጥንቃቄ፣ ይህንንም ሊመዝኑት ይገባል።