ከክትር ጀርባ የሚቀር የጎርፍ ስጋትና የመድን ሽፋን፦ የኒው ኦርሊንስ ተሞክሮ

መግቢያ

በወንዝ ዳርና በሐይቅ ጠርዝ ከአፈር ወይም ከኮንክሪት የሚሠራው የጎርፍ መከላከያ ክትር፣ መሐንዲሶች ዳይክ የሚሉት፣ ጎርፍ ቤትንና ማሳን የሚያጠቃበትን ድግግሞሽ ይቀንሳል። ስጋቱን ግን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ውኃው ከክትሩ አናት በላይ ሊፈስ ወይም ክትሩ ራሱ ሊናድ ይችላል። ክትሩ ከተሠራም በኋላ የሚተርፈው ይህ ስጋት «ቀሪ ስጋት» ይባላል። ይህ ጽሑፍ የአሜሪካ የጎርፍ መድን ሥርዓት ቀሪ ስጋትን እንዴት እንደሚያስተናግድ ይመረምራል። ከክትር ጀርባ ላለ ንብረት የመድን አስፈላጊነት በጎርፍ ድግግሞሽ ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሚደርሰው ጉዳት መጠንም ሊመዘን እንደሚገባ ያስረዳል።

የካርታው መስመር

በአሜሪካ የተለመደው የመኖሪያ ቤት መድን የጎርፍ ጉዳትን አይሸፍንም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ብሔራዊ የጎርፍ መድን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1968 በሕግ ተቋቋመ። በ1973 የወጣው ሕግ ደግሞ በከፍተኛ የጎርፍ ስጋት ቀጣና ያለ ቤት፣ በፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር ሥር ካለ ባንክ ብድር ሲወሰድበት፣ የጎርፍ መድን እንዲኖረው አስገደደ። ቀጣናው የሚለየው በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ በሆነ ጎርፍ ነው። ይህ ጎርፍ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» በመባሉ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ይመስላል። ሆኖም በ30 ዓመት የቤት ብድር ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው።

አንድ ክትር ይህን ጎርፍ እንደሚቋቋም ተረጋግጦ በፌዴራል የአደጋ ሥራ አመራር ኤጀንሲ ዕውቅና ሲያገኝ፣ ከጀርባው ያለው መሬት በካርታው ላይ ከከፍተኛ ስጋት ቀጣና ይወጣል። የመድን ግዴታውም አብሮ ይነሣል። ባለቤቱ በፈቃዱ መድን መግባት ይችላል፤ ግዴታው ሲነሣ ግን ብዙዎች አደጋውም አብሮ የተነሣ አድርገው ይወስዱታል።

የስጋቱ ቅርጽ

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ክትር በሌለበት ስፍራ በአማካይ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ዝቅተኛ ጎርፍ በአንድ ቤት ላይ 20,000 ዶላር ጉዳት ያደርሳል እንበል፤ ዓመታዊው አማካይ ኪሳራ 2,000 ዶላር ይሆናል። ክትሩ ከተሠራ በኋላ ጎርፉ የሚመጣው በአማካይ በ200 ዓመት አንድ ጊዜ ቢሆንና በመጣ ጊዜ 200,000 ዶላር ቢያወድም፣ አማካዩ ወደ 1,000 ዶላር ይወርዳል። አማካይ ኪሳራው በግማሽ ሲቀንስ የአንድ ጊዜው ጉዳት ግን በአሥር እጥፍ አድጓል። ቤተሰብ 20,000 ዶላርን ከቁጠባና ከብድር ሊሸፍን ይችል ይሆናል፤ 200,000 ዶላር ግን ጥሪቱን በሙሉ ያሳጣዋል። እምብዛም የማይደርስ፣ ሲደርስ ግን አቅምን የሚበልጥ ጉዳት ደግሞ መድን በተፈጥሮው የተፈለሰፈለት ጉዳት ነው። ስለዚህ የግዴታ ሕጉ ነፃ የሚያደርጋቸው ሰዎች መድን በእጅጉ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ናቸው።

የጂኦግራፊ ምሁሩ ጊልበርት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1945 በታተመ ጥናቱ በግንባታ ብቻ መታመን ሰዎችን ወደ ጎርፍ ሜዳ እንደሚስብ አመልክቶ ነበር። ክትሩ የፈጠረው መተማመን ብዙ ቤት ሲያስገነባ የሚወድመው ሀብትም ይጨምራል።

ኒው ኦርሊንስ

የኒው ኦርሊንስ ከተማ ከፊሏ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ የገባ ውኃ በራሱ አይወጣም። ነሐሴ 29 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በደረሰ ጊዜ መከላከያው በብዙ ስፍራ ተሰብሮ 80 በመቶ የሚሆነው የከተማዋ ክፍል በውኃ ተጥለቀለቀ። በ17ኛው ጎዳና እና በለንደን ጎዳና ቦዮች የቆሙት ግድግዳዎች የፈረሱት ውኃው አናታቸው ላይ ሳይደርስ ነው፤ የከዳቸው ከሥራቸው ያለው አፈር ነበር። የክትር ቁመት ብቻ የደኅንነት መለኪያ ሊሆን አለመቻሉ በዚህ ታየ። ከአደጋው በኋላ በድጋሚ የተገነባው ሥርዓት በስሙ ውስጥ የነበረው «መከላከያ» የሚለው ቃል «ስጋት መቀነሻ» በሚል መተካቱም ትርጉም አለው።

አረቦንና ግዴታ

ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርሐ ግብሩ አረቦንን የሚተምነው ቤቱ ከውኃ ያለውን ርቀት፣ የመሬቱን ከፍታ፣ መልሶ ለመገንባት የሚያስፈልገውን ወጪና የክትሩን ሁኔታ አገናዝቦ ነው። ይሁን እንጂ የመድን ግዴታው አሁንም የሚወሰነው በካርታው መስመር ነው፤ ዋጋው ወደ ስጋቱ ሲቀርብ ግዴታው ባለበት ቆሟል። የሽፋኑ ጣሪያም ለአንድ መኖሪያ ቤት 250,000፣ ለውስጥ ዕቃ 100,000 ዶላር ነው። ውሉ እንደ ደንቡ ከ30 ቀን በኋላ የሚጸና በመሆኑ ውኃው ሲቃረብ መድን መፈለግ አይጠቅምም።

ማጠቃለያ

ከክትር ጀርባ ያለ ንብረት ሲጠና ሦስት ጥያቄዎች ተለይተው ሊመለሱ ይገባል፦ ክትሩ በምን ያህል ዕድል ይታለፋል ወይም ይናዳል? ያ ሲሆን ውኃው ምን ያህል ይጠልቃል? ጉዳቱንስ ማን ይሸከማል? የአሜሪካው ካርታ የሚመልሰው በዋናነት የመጀመሪያውን፣ እርሱንም በከፊል ነው። ጥያቄዎቹ በኢትዮጵያም በአዋሽ ወንዝና በፎገራ ሜዳ ለሚካሄድ ጥናት ያገለግላሉ፤ በዚያ የሚጠፋው በአብዛኛው ሰብልና ከብት ስለሆነ ግን የመድኑ ዓይነት ከቤት መድን የተለየ መሆን ይኖርበታል። ክትር የሚሠራ አካል ቀሪውን ስጋት የሚሸከመውን ወገን አብሮ ካልወሰነ፣ ሸክሙ ሳይነገረው በነዋሪው ላይ ይወድቃል።