ኩሬውን እንጠብቅ
ሰውና የዱር እንስሳት ስለሚጋሩት ትል የቀረበ የጥናት ትምህርት

በዚህ ትምህርት የምናጠናው ጊኒ ዎርም ስለሚባለው ትል ነው። ክብ ትሎች ከሚባሉት ወገን ሲሆን ሴቲቱ እስከ አንድ ሜትር ትረዝማለች። በዘኍልቁ ምዕራፍ 21 እስራኤልን የነደፉት እባቦች ይህ ትል ይሆኑ ይሆናል ብለው የገመቱ አሉ። እኛ ይህን ለመወሰን አንደፍርም፤ ይሁን እንጂ ትሉ ሲወጣ የሚያደርሰውን ቃጠሎ ያየ ሰው ግምቱ ከየት እንደ መጣ ይገባዋል።

1. እንዴት ይተላለፋል?

በኩሬ ውሃ ውስጥ ለዓይን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። እነርሱ የትሉን እጭ ይውጣሉ፤ ውሃውን ሳያጣራ የሚጠጣ ሰው ደግሞ እነርሱን ይውጣል። ነፍሳቱ በሆድ ውስጥ ይሞታሉ፤ እጩ ግን ወደ ሰውነት ዘልቆ ያድጋል። ሰውዬው አንድ ዓመት ያህል ምንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ላይ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣና ያቃጥለዋል። ለማብረድ ሲል እግሩን በኩሬ ይነክራል፤ ያን ጊዜ ትሏ ስፍር ቁጥር የሌላቸው እጮች ትረጫለች። እንግዲህ የአንዱ ሰው እፎይታ ለመንደሩ የከርሞ መከራ ይሆናል።

በሽታው ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። ትሉ እንዳይበጠስ በጥንቃቄ በትንሽ እንጨት ላይ እየተጠቀለለ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ይህም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ገበሬው በአጨዳ ወራት ቢታመም እህሉ በማሳ ላይ ይቀራል።

2. ዝንጀሮዎች ምን አገናኛቸው?

እ.ኤ.አ. በ1986 በአፍሪካና በእስያ በዓመት 3.5 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች ይያዙ ነበር። በካርተር ማዕከል፣ በዓለም የጤና ድርጅትና በየአገሩ የጤና ሠራተኞች ድካም፣ በ2024 በዓለም ሁሉ የተመዘገቡት 15 ሰዎች ብቻ ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን!

ሆኖም ሥራው አላለቀም። ከ2013 ወዲህ በአገራችን በጋምቤላ፣ በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች፣ ትሉ በውሾችና በዱር ዝንጀሮዎች ላይ ተገኝቷል። ዝንጀሮው ሰው ከሚጠጣበት ኩሬ ይጠጣል፤ የታመመ እግሩንም በዚያው ይነክራል። በ2017 በአቦቦ በእርሻ ሥራ ላይ የነበሩ 15 ሰዎች ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ጠጥተው ታመሙ። በ2018ና በ2019 በኢትዮጵያ አንድም ሰው አልተመዘገበም፤ በ2020 ግን 11 ሰዎች ተያዙ። ስለዚህ በሽታው ዝም ቢልም ጠፍቷል አንበል። ዝንጀሮን አስሮ ማቆየትም ማስተማርም አይቻልም፤ እኛ ግን ልንማር እንችላለን።

3. ምን እናድርግ?

ሀ. የኩሬ ውሃ ሁሉ በተዘጋጀው ማጣሪያ ጨርቅ ተጣርቶ ይጠጣ። ወደ እርሻና ወደ ጫካ የሚሄዱ የቧንቧ ማጣሪያ ይያዙ።

ለ. ቁስል ያለበት ሰው ወደ ውሃ አይግባ። ወገኖቹ ውሃ ቀድተው ያምጡለት።

ሐ. ውሾች ከኩሬ እንዲርቁ ይታሰሩ። የዓሣ ሆድ ዕቃ ለውሻ አይጣል፤ ይቀበር።

መ. በሰው፣ በውሻ ወይም በዝንጀሮ ላይ ትል ያየ ሁሉ በዚያው ቀን ለጤና ሠራተኛ ይንገር። ነገሩ የሚያሳፍር አይደለም።

ሠ. የቀን ሠራተኛ የምንቀጥር ፕሮጀክቶች አስቀድመን ንጹሕ ውሃ እናዘጋጅ።

4. ከቃሉ የምንማረው

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 2 የኢያሪኮ ሰዎች ስለ ክፉው ውሃቸው ለኤልሳዕ ነገሩት። እርሱም ወደ ምንጩ ሄደ። እኛም ለታመመው ስንጸልይ ምንጩን አንርሳ። በቁስሉ ቃጠሎ እየተሠቃየ እግሩን ከኩሬው የሚከለክል ወንድም፣ ስማቸውን እንኳ ስለማያውቃቸው ሰዎች ሲል ይታገሣል። ባልንጀራን መውደድ በውሃ ዳር እንዲህ ይገለጣል።

ለውይይት

ሀ. በመንደራችን ሰውና እንስሳ አብረው የሚጠጡበት ውሃ የትኛው ነው?

ለ. ቁስል ላለበት ሰው ውሃ የሚቀዳለት ማን ነው? ቤተ ክርስቲያናችንስ ምን ልታደርግ ትችላለች?

ውሃ ለመቅዳት በማለዳ ለሚወጡ እናቶችና ልጆች፣ ኩሬዎቹን ለሚጠብቁ የጤና ሠራተኞችም በጸሎት እናስባቸው። አሜን።