የጠፋ ስልክ እና የምርምር መረጃ፦ የይለፍ ቃል ከመቀየር ባሻገር

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቃለ መጠይቅ ቅጂዎችን በግል ስልካቸው የኢሜይል መተግበሪያ መላላክን ልማድ አድርገውታል። ስልኩ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው የይለፍ ቃል መቀየር ነው። እርምጃው ተገቢ ቢሆንም የሚዘጋው ወደ ሰርቨሩ የሚወስደውን መንገድ ነው፤ አስቀድሞ ወደ ስልኩ የወረደው አባሪ ፋይል እዚያው ይቆያል። ከርቀት የሚላከው የማጥፊያ ትእዛዝም ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር እስካልተገናኘ ድረስ አይፈጸምም፤ ሲም ካርድ ማውጣት ደግሞ ለሌባ ቀላል ነው። ያ ሲም ፒን ከሌለው በሌላ ስልክ ገብቶ በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ይቀበላል። ስለዚህ መስመሩን ማዘጋት ከይለፍ ቃሉ እኩል አስቸኳይ ነው።

ከመጥፋቱ በፊት የሚደረገው ጥንቃቄ ግን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ያለው «የሥራ ፕሮፋይል» የተቋሙን ኢሜይልና ፋይል ከግል ፎቶግራፍ ይለያል፤ ከአንድሮይድ 7.0 ወዲህ የራሱ መቆለፊያ ሊኖረው ስለሚችል ግንኙነት በሌለበትም ይከላከላል። ተቋሙ መሰረዝ የሚችለው ይህንኑ ክፍል ብቻ መሆኑ የተማሪዎችን (ምክንያታዊ) ማመንታት ሊያቃልል ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ የምርምር ሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል። የመረጃ ሰጪዎችን ስም ከኮዳቸው ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ግን በየትኛውም ፕሮፋይል ቢሆን በስልክ ላይ ሊቀመጥ አይገባም።