ላሽን ለማከም፦ ከደባርቅና ከዳባት ለሚነሣ ታካሚ የሚሆን ቅደም ተከተል

ላሽ የሚከሠተው ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች የፀጉርን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁት ነው፤ ሥሩ ግን ስለማይጠፋ ፀጉሩ ዳግም ሊበቅል ይችላል።

በመጀመሪያ ላሽ ከቆረቆር መለየት አለበት። ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ፣ ቅርፊት የሚያወጣና ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ የላሽ ቦታ ግን ልሙጥና ክብ ነው፤ ጠርዙ ላይም ወደ ሥራቸው የቀጠኑ አጫጭር ፀጉሮች ይታያሉ። ለላሽ የሚታዘዘው ስቴሮይድ ቆረቆርን ስለሚያባብስ፣ በግምት ከመድኃኒት ቤት ቅባት መግዛት አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርት መፈተግም ቆዳውን አቃጥሎ ምርመራውን ያደናግራል።

የተመለጠው ቦታ ጥቂት ከሆነ በዓመት ውስጥ በራሱ ሊሸፈን ስለሚችል መጠበቅም አንድ አማራጭ ነው። መታከም ለሚፈልግ አዋቂ ሐኪሙ ትራያምሲኖሎን የተባለውን ስቴሮይድ በቀጭን መርፌ ቆዳው ውስጥ ይወጋል፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱም ይደግመዋል፤ ለልጆች ቅባት ይመረጣል።

መመለጡ ከተስፋፋ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሜቶትሬክሴት፣ ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህ በቆዳ ሐኪም ክትትል የሚሰጥ በመሆኑ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር መድረስን ሊጠይቅ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት የደም ሴል፣ የጉበትና የኩላሊት፣ የቲቢ፣ የሄፓታይተስ እና የኤችአይቪ ምርመራ፣ ለሴቶችም የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። በዚህ አገር ከሁሉ በላይ ሊዘነጋ የማይገባው ግን ሌላ ነው፤ ታካሚው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ሑመራ ወርዶ የሚያውቅ ከሆነ ባይጠየቅም ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ምክንያቱም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ሊቆይና መከላከያው ሲዳከም ሊነሣ ይችላል።

ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ስለሚችል፣ የተመረጠው ቀን፣ እሑድ ቢሆን እሑድ ተብሎ፣ እሽጉ ላይ ይጻፋል። ፎሊክ አሲድ ሐኪሙ በሚያዝዘው ሌላ ቀን ይጨመራል፤ አረቄና ጠላ ይቀራሉ፤ ለሌላ ሕመም ኮትሪሞክሳዞል ከመቀበል በፊትም ስለ ሜቶትሬክሴቱ መናገር ግድ ነው። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የአፍ ቁስል ሲመጣ ቀጣዩ ቀጠሮ አይጠበቅም።

በአሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ለከባድ ላሽ የተፈቀደው ባሪሲቲኒብ የተባለ መድኃኒት እንኳ ሲቋረጥ ፀጉሩ ተመልሶ ሊረግፍ ይችላል። ውጤት የሚመዘነው ከወራት በኋላ ነው፤ አዲሱ ፀጉር መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ቢወጣ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም፤ እስኪሸፈን ድረስም የተራቆተው ቆዳ ከደጋው ኃይለኛ ፀሐይ በባርኔጣ ወይም በሻሽ ይከለላል።