ሩቅ ያለ መልማይና የደጋ ሯጭ፦ የሩጫ ዕድገትና የአትሌቶች ምልመላ

እንደሚታወቀው፣ አንድ ስፖርት ሲያድግ የሚለወጠው የተወዳዳሪዎች ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ተወዳዳሪዎቹ የሚመረጡበት መንገድም አብሮ ይለወጣል። በዚህ ጽሑፍ የረጅም ርቀት ሩጫ ዕድገት የአትሌቶችን ምልመላ፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲዎችን ምልመላ፣ እንዴት እንደለወጠ እንመለከታለን። ከዚያም በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ የሚሮጥ ወጣት ያስመዘገበው ሰዓት እንዴት መነበብ እንዳለበት ለማሳየት እንሞክራለን።

ከጦር ሰፈር እስከ ዩኒቨርሲቲ

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም የማራቶንን ውድድር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። አሠልጣኙም ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። በዚያን ዘመን ሯጮች ጥቂት ስለነበሩ አሠልጣኝ የሚመርጠው በቅርብ የሚያውቀውን ነው። ሲሮጥ፣ ሲደክምና ሲያገግም በዓይኑ ያየዋል።

ስፖርቱ በዓለም ሲስፋፋ ግን መልማዩ ከሯጩ ራቀ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከምሥራቅ አፍሪካ ሯጮችን መመልመል ጀመሩ። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። እ.ኤ.አ. በ1972 በትምህርት ቤቶች የፆታ አድልዎን የከለከለው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ለሴቶች የስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል በር ከፈተ። ይሁን እንጂ ዕድሉ ገደብ ነበረው። ለብዙ ዓመታት አንድ የአንደኛ ምድብ ዩኒቨርሲቲ ለአትሌቲክስ ሊሰጥ የሚችለው ለወንዶች ቢበዛ የ12.6፣ ለሴቶች የ18 ተማሪዎችን ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ድጋፍ ነበር። ፈላጊው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ሲሆን ደግሞ ሩቅ ያለው መልማይ ሯጩን ሳያይ የሚመዝንበት ዋነኛ መለኪያ በወረቀት ላይ የሰፈረው ሰዓት ሆነ።

ሰዓቱ የተመዘገበው የት ነው?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ኦክስጅን በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ እንደሌላው ቦታ ሁሉ 21 በመቶ ያህል ነው። የቀነሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ይኸውም ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ29 በመቶ ገደማ ያንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፤ ጡንቻም በደቂቃ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። የደጋ ነዋሪ አካል ይህን በከፊል ቢለምደውም ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ አይካካስም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን እ.ኤ.አ. የ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ነው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የ10,000 ሜትሩ አሸናፊ ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሰከንድ ሲገባ፣ በወቅቱ የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ39.4 ሰከንድ ነበር። ልዩነቱ ከ6 በመቶ በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ የአሯሯጥ ስልት ድርሻ ቢኖረውም የስስ አየሩ ተጽዕኖ ግን ግልጽ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣውና በኋላም ማራቶኑን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ መሆኑንም ልብ ይሏል።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበርም ይህን በመገንዘብ ከ3,000 ጫማ (914 ሜትር ገደማ) በላይ በሚገኙ መሮጫዎች ለሚመዘገቡ የረጅም ርቀት ሰዓቶች ማስተካከያ ሲያደርግ ቆይቷል። ከደጋችን የሚላክ ሰዓት ግን ከፍታው አብሮ ካልተጻፈበት ማንም አያስተካክለውም። ከአንኮበር አቀበትና ቁልቁለት የመጣ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የመንገዱ አቀማመጥም ጭምር መታወቅ አለበት።

ዕድሜና የልምምድ ዘመን

ሁለተኛው ጥያቄ ዕድሜ ነው። ከ16 ዓመት በታች በሚል አንድ ምድብ ውስጥ በሚወዳደሩ ልጆች መካከል የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል። በጉርምስና ወቅት ይህ በቁመትም በጉልበትም ትልቅ ልዩነት ነው። መልማይ ቀድሞ ያደገውን «ተሰጥኦ ያለው» ብሎ፣ ዘግይቶ የሚያድገውን ሊተወው ይችላል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለተወለዱ ብዙዎች ትክክለኛውን ዕድሜ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የልምምድ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት 114 የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ከ111 ሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጽሮ ነበር። በውጤቱም ከማራቶን ሯጮቹ ብዙዎቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ፣ በልጅነታቸውም ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ በሩጫ የተመላለሱ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ሁለት ተማሪዎች እኩል ሰዓት ቢያስመዘግቡ፣ አንዱ ለዓመታት የሮጠ፣ ሌላው ገና ስድስት ወር የተለማመደ ከሆነ፣ ወደፊት የማደግ ዕድላቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ከምትገኘው ጫጫ የወጣችው ጌጤ ዋሚ እ.ኤ.አ. በ1999 በሴቪያ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ዛሬም ከዚያው ደጋ የሚነሣ ወጣት ዕድሉ በአንድ ቁጥር ስህተተኛ ንባብ እንዳይዘጋበት ማድረግ ይቻላል። ውድ አንባቢያን፣ የምትሮጡ ከሆናችሁ ከሰዓታችሁ ጎን ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን፣ የመሮጫውን ዓይነትና የልምምድ ዘመናችሁን መዝግቡ። አንድ ነጠላ ሰዓት የዛሬን ብቃት ሲያሳይ፣ የሁለት ዓመት መዝገብ ግን የዕድገትን አቅጣጫ ያሳያል። የዩኒቨርሲቲ ምልመላ የትምህርት ማስረጃንም ስለሚጠይቅ፣ ለሩጫ ብሎ ትምህርትን ማቋረጥ ይህንኑ በር በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

የማትሮጡም ብትሆኑ የሳይንስ ተማሪዎች ናችሁና ሰዓት መያዝ፣ ከፍታ መለካትና ሰንጠረዥ መሥራት አያቅታችሁም። በአቅራቢያችሁ ላለ አንድ ሯጭ ይህን ብታደርጉለት፣ ሩቅ ያለው መልማይ ያላየውን እንዲያይ ረዳችሁት ማለት ነው።