ፕላኔቶች ስለ ምን ድቡልቡል ሆኑ?



ከታናናሾቻችን ክፍል አንድ ልጅ፣ «ድንጋይ ሁሉ ወጣ ገባ ሲሆን መሬትና ጨረቃ ስለ ምን ድቡልቡል ሆኑ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። እኛም ሳናመዛዝን «ስለሚሽከረከሩ ነው» ስንል መለስንለት። ኋላ መጻሕፍት ስናገላብጥ ግን መሳሳታችንን ተረዳን። የተሳሳተ ነገር ያስተማረ ሰው ማረምም ግዴታው ነውና ይህን ጻፍን።

ድቡልቡል የሚያደርጋቸው የስበት ኃይል ነው። ስበት ከየአቅጣጫው ወደ መካከል ይጎትታል። ከፍ ያለው ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎድጓዳው ይሞላል። ገጹ በሁሉም በኩል ከመካከሉ እኩል ሲርቅ ግን ከእንግዲህ የሚወርድበት ዝቅ ያለ ቦታ አይኖርም። እንዲህ ያለው ቅርጽ ደግሞ ድቡልቡል ብቻ ነው።

ታዲያ ትንንሾቹ አካላት ስለ ምን እንዲህ አልሆኑም? ድንጋይ ጥንካሬ ስላለው ስበትን ይቋቋማል። አካሉ በገዘፈ መጠን ስበቱ ይበረታል፤ የድንጋዩ ጥንካሬ ግን ያው ነው። ስለዚህ ግዝፈቱ ከልክ ሲያልፍ ድንጋዩ ይሸነፍና በረጅም ዘመን ውስጥ እንደ ሊጥ ቅርጹን ይለውጣል።

ምሳሌ እንስጥ። የማርስ ጨረቃ ፎቦስ ርዝመቷ 27 ኪ.ሜ. ያህል ብቻ ስለ ሆነ ድንች ትመስላለች። በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት አካላት ቬስታ 525 ኪ.ሜ. ያህል ስፋት ቢኖራትም በደንብ አልደበለበለችም፤ 940 ኪ.ሜ. ያህል የምትሰፋው ሴሬስ ግን ድቡልቡል ናት። በረዶ ከድንጋይ ይልቅ በቀላሉ ስለሚሸነፍ፣ አብዛኛው አካሏ በረዶ የሆነው የሳተርን ጨረቃ ሚማስ 400 ኪ.ሜ. እንኳ ሳትሞላ ደብልብላለች።

«መሬት ላይስ ተራራ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን፤ ነገር ግን የኤቨረስት ከፍታ 8,849 ሜትር ሲሆን የመሬት ስፋት 12,742 ኪ.ሜ. ነው። ታላቁ ተራራ ከመሬት ስፋት አንድ ሺኛውን እንኳ አያህልም ማለት ነው።

መሽከርከርማ እንዲያውም ድቡልቡልነትን ያጓድላል። መሬት በምድር ወገብ በኩል ያላት ስፋት ከዋልታ እስከ ዋልታ ካላት በ43 ኪ.ሜ. ያህል ይበልጣል። ሳተርንማ በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ስለሚሽከረከር ጠፍጠፍ ማለቱ በቴሌስኮፕ ይታያል።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ያንን ልጅ ፈልገን ስሕተታችንን እንነግረዋለን። እናንተም ታናናሾቻችሁ ያላወቃችሁትን ሲጠይቋችሁ «ቆይ፣ አንብቤ ልምጣ» በሉ። እኛ ይህን ባለማለታችን ነው ያፈርነው።